የድሮ ቮልስዋገን የፊት እግር ቤት ውስጥ ማደስ፦ ያለፍኩበትን ልንገራችሁ

የድሮ ቮልስዋገን (ቢትል) የሚነዳ ሰው ይህን ነገር ያውቀዋል። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፣ መኪናው ግን ቀጥ ብሎ አይሄድም። መሪውን ትንሽ ወዲህ ትንሽ ወዲያ እያላችሁ ታባብሉታላችሁ። ጉድጓድ ስትነኩ ከፊት በኩል ቋ ይላል። ፍጥነት ሲጨመር ደግሞ መሪው እጅ ላይ ይንቀጠቀጣል። የኔዋ የ1964 ሞዴል ናት፤ እነዚህን ሁሉ በአንድ ላይ ይዛ ነበር። ስለዚህ የፊት እግሯን፣ ማለትም የፊት ጎማዎቹን ከመኪናዋ ጋር የሚያያይዘውን ክፍል፣ ሙሉ በሙሉ ፈታሁት፣ ያለቀውን ቀየርኩ፣ መልሼ ገጠምኩ። ለቶርኖ ቤት (ብረት በማሽን ለሚጠርብ ቤት) ከተውኩት አንድ ሥራ በቀር ሁሉም እቤት ነው ያለቀው።

ይህን ሥራ የሚያሳምረው መለካት ነው። አዲስ ዕቃ ባለቀ ማረፊያ ላይ ከተቀመጠ ልፋቱም ገንዘቡም ውሃ በላው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው አብዛኛው ስለ መለካትና ስለ መመርመር ነው። መፍታትና መግጠም ቁልፍ መያዝ የሚችል ሰው ሁሉ ይወጣዋል።

መጀመሪያ የመኪናችሁን ዓመት እወቁ። ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው። ቮልስዋገን ከላይ ሲያዩት ለብዙ ዓመታት አንድ ዓይነት ይመስላል፣ ከሥሩ ግን ይለያያል። እስከ 1965 አጋማሽ የተሠሩት በኪንግ ፒንና በሊንክ ፒን ነው የሚሠሩት። ኪንግ ፒን መሪ ሲዞር ጎማው የሚታጠፍበት ቁም ፒን ነው፤ ሊንክ ፒን ደግሞ የኪንግ ፒኑን ተሸካሚ ከእግሩ ክንዶች ጋር የሚያያይዝ አግድም ፒን ነው። ከ1966 ሞዴል ጀምሮ ቦል ጆይንት የሚባለው ክብ ራስ ያለው መገጣጠሚያ ገባ። ከ1971 ሞዴል ጀምሮ ደግሞ ሱፐር ቢትል የሚባለው መጣ። እሱ ማክፈርሰን ስትራት የሚባለው፣ አሞርዛተርና ጥቅልል ሞላ በአንድ ላይ የቆሙበት እግር ያለው፣ ጭራሽ ሌላ መኪና ነው። የአንዱ ዕቃ ለሌላው አይሆንም። ሊብሬ ላይ ያለውን ዓመት ብቻ አትመኑ። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ውስጥ የቀድሞ ባለቤት ሙሉውን የፊት እግር ቀይሮት ሊሆን ይችላል። ጎንበስ ብላችሁ በዓይናችሁ አረጋግጡ።

የዚህን መኪና የፊት እግር አሠራር እወደዋለሁ። ሁለት የብረት ቱቦዎች አንዱ ከሌላው በላይ አግድም ተኝተዋል። በየቱቦው ውስጥ ረጃጅም የብረት ቅጠሎች እንደ ነዶ ተጠጋግተው ከዳር እስከ ዳር ያልፋሉ። መሐል ላይ በብሎን ስለተያዙ መሐላቸው አይዞርም። ጫፎቻቸው ላይ ክንዶች ይገባሉ። ጎማው ሲነሳ ክንዱ ቅጠሎቹን ይጠመዝዛቸዋል፤ እነሱም ወደ ቦታቸው ለመመለስ ይገፋሉ። ሞላው ይኸው ነው። ፌርዲናንድ ፖርሽ ለዚህ በመጠምዘዝ ለሚሠራ ሞላ የፈጠራ መብት ያመለከተው በ1931 ነው፤ ሐሳቡ ከቮልስዋገን ራሱ ይቀድማል።

ቤት ውስጥ ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ጎማው ከመሬት ተነስቶ ሲንጠለጠል የቅጠሎቹ ኃይል አብዛኛው ይለቃል። ሞላ መጭመቂያ አያስፈልግም። የእናንተ የድሮ መኪና ጥቅልል ሞላ ያለው ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ታፍኖ የተቀመጠ ሞላ ድንገት ከተለቀቀ ሰው ይገድላል። የታችኛው ክንድ በክሪክ ሳይደገፍ፣ ሞላውም በትክክለኛው መጭመቂያ ሳይያዝ ምንም መገጣጠሚያ አትፍቱ። መጭመቂያ ከሌላችሁ ያንን ክፍል ለባለሙያ ስጡት።

ወደ ምርመራው ልግባ። ቁልፍ ከማንሳታችሁ በፊት የጎማ አየር ለኩ። የቮልስዋገን ሞተር ከኋላ ስለሆነ የፊቱ ቀላል ነው፤ ስለዚህ የፊት ጎማ አየር ከኋላው በግልጽ ያንሳል። ብዙ ሰው አራቱንም እኩል ይሞላል። ያኔ ምንም ያላለቀ እግር እንኳ መንገድ ላይ ይዋልላል። አየሩን አስተካክላችሁ ነድታችሁ እዩት። አሁንም የሚዋልል ከሆነ ወደ ሥሩ ትገባላችሁ።

የኋላ ጎማዎቹን ታኮ አድርጉባቸው። ፊቱን በክሪክ አንሱና ስታንድ ላይ አሳርፉት። ክሪክ ማንሻ ነው፤ ተሸክሞ አያድርም። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር አትግቡ፣ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን።

አሁን የጎማውን አናትና ግርጌ ይዛችሁ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ነቅንቁ። ከተነቃነቀ ሰው ጥሩና ፍሬን ያስረግጡ። ፍሬን ሲረገጥ ታምቡሩ (ከጎማው ጋር የሚዞረው የፍሬን ክብ ብረት) እና ስፒንድሉ (ጎማው የሚዞርበት ዘንግ) አንድ ስለሚሆኑ የጎማ ኩሽኔታው ክፍተት ይጠፋል። ንቅናቄው አብሮ ከጠፋ ጥፋቱ የኩሽኔታ ነው፤ ብዙ ጊዜ በማጥበቅ ብቻ ይስተካከላል። ፍሬን ተረግጦም የሚነቃነቅ ከሆነ ኪንግ ፒኑ ወይም ሊንክ ፒኑ አልቋል። ይህች ቀላል ሙከራ ብዙ ወጪ ታድናለች። በኔ መኪና ፍሬን ተረግጦም ይነቃነቅ ነበር፤ ግራው ከቀኙ ይብስ ነበር።

ቀጥላችሁ የጎማውን ግራና ቀኝ ጎን ይዛችሁ ነቅንቁ። ይህ የመሪ ዘንጎቹንና ጫፎቻቸውን ያሳያል። እዚህ ላይ ረዳት መሪውን በትንሹ ወዲህ ወዲያ ቢያንቀሳቅስ የተሻለ ነው። እኔ ታናሽ ወንድሜን መሪ ላይ አስቀምጬ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በጣቴ ከብቤ ያዝኩ። ዓይን የማያየውን ጣት ይሰማዋል። አንዱ ብረት ተንቀሳቅሶ ሌላው ዘግየት ሲል ጣታችሁ መሐል ላይ ጠቅ ትላለች። ያቺን ቦታ በኖራ ምልክት አድርጉባት።

በመጨረሻ ክንዱን ራሱን ሞክሩት። ረዘም ያለ ብረት አስገብታችሁ ክንዱን ከቱቦው አንጻር ወደ ላይና ወደ ታች ግፉት። ክንዱ ቱቦው ውስጥ ከተንሿሿ የውስጡ ቦኮላ (ዘንግ የሚያርፍበት ቀለበት) ወይም የዳሩ የመርፌ ኩሽኔታ (እንደ መርፌ በቀጠኑ ብረቶች የሚሽከረከር ኩሽኔታ) አልቋል ማለት ነው። ያኔ ሥራው ከፍ ይላል፤ ቅጠሎቹም መውጣት አለባቸው።

ስለ መሪ ሳጥን አንድ ነገር። መሪው ሲፈዝ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ሳጥኑ ላይ ያለችውን ማስተካከያ ለማጥበቅ ነው። አታድርጉት። ሌላው ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ ነው የሷ ተራ። ሳጥኑ መሐል ላይ ይበላል፣ ዳርና ዳሩ ግን ብዙም አይበላም። መሐሉን ብላችሁ ስታጠብቁ ታጥፋችሁ ስትመለሱ መሪው ይያዛል። መሪ ከታጠፈበት በራሱ አልመለስ ካለ አደጋ ነው።

ዕቃ የገዛሁት ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ይህ መኪና እስከ 2003 ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ስለተሠራ ዕቃው ዛሬም ይገኛል። ጥራቱ ግን የተለያየ ነው። አዲስ ፒን ስትገዙ በካሊፐር (በውፍረት መለኪያ) ብዙ ቦታ ላይ ለኩት፤ አንድ ዓይነት ቁጥር ካልሰጣችሁ መልሱት። የግሪስ ቀዳዳው ከዳር እስከ ዳር ክፍት መሆኑን በቀጭን ሽቦ እዩ። የተደፈነ ቀዳዳ ያለው ፒን ከተገጠመ በኋላ ግሪስ አይደርሰውም፣ በአጭር ጊዜም ያልቃል።

መፍታቱ ላይ ቅደም ተከተል አለው። ከመጀመሬ በፊት ብሎኖቹን ሁሉ በሽቦ ብሩሽ ጠርጌ የዝገት ማላቀቂያ ዘይት አጠጣኋቸውና አሳደርኳቸው። እያንዳንዱን ነገር ከመንካቴ በፊት ፎቶ አነሳሁ። የመሪ ዘንጎቹን ርዝመት ከጫፍ እስከ ጫፍ ለክቼ ጻፍኩ። ይህ ቁጥር ስትገጥሙ ጎማዎቹን በግምት ቀጥ ለማድረግ ይረዳችኋል።

የግራው ጎማ ሁለት ጉዳይ አለው። አንደኛ፣ የኪሎ ሜትር ገመዱ በስፒንድሉ ውስጥ አልፎ የኩሽኔታው ክዳን ላይ ነው የሚያልቀው። ጫፉ ላይ ያለችውን ትንሽ መቆለፊያ ሳታወጡ ክዳኑን ከሳባችሁት ገመዱ ይበጠሳል። ሁለተኛ፣ የግራው ስፒንድል ዳዶ ጥርሱ ተቃራኒ ነው። ወደ ቀኝ ስታዞሩት ነው የሚፈታው። ይህን ያላወቀ ሰው ትልቅ ቱቦ ቁልፉ ላይ ጨምሮ ሲታገል ጥርሱን ያበላሸዋል።

ታምቡሩ ሲወጣ ውስጡ ያለውን ጥቁር ዱቄት በአየር አትንፉ። የድሮ የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል። ዱቄቱ ሳንባ ውስጥ ከገባ አይወጣም። በውሃ አርሳችሁ በጨርቅ ጥረጉት፣ ጨርቁንም በላስቲክ አስራችሁ ጣሉት።

የመሪ ዘንግ ጫፎች የሰው ትዕግሥት ይፈትናሉ። ጫፉ ሾጣጣ ስለሆነ ዳዶው ቢወጣም ቀዳዳው ውስጥ ተነክሶ ይቀራል። ጥርሱን ከሥር በመዶሻ መምታት ጫፉን ያደቀዋል። የሚሠራው ዘዴ ሁለት መዶሻ ነው። ዳዶውን ጥቂት ጥርስ አስቀሩለት። ከባዱን መዶሻ የሾጣጣው ቀዳዳ ካለበት ክንድ ጎን አስደግፉ፣ በሌላው ከተቃራኒው ጎን በደንብ ምቱ። ቀዳዳው ለቅጽበት ቅርፁ ይለወጥና ጫፉ ጧ ብሎ ይለቃል። ድምፁን ስትሰሙት ታውቁታላችሁ።

ቱቦዎቹን ሙሉ በሙሉ ለማውጣት የቤንዚን ታንከሩም መነሳት አለበት፤ የመሪው ማያያዣና የላይኞቹ ብሎኖች ከሥሩ ናቸውና። ታንከሩን አራግፋችሁ፣ ከእሳትና ከብልጭታ አርቃችሁ አስቀምጡ። ከዚያ የፍሬን ላስቲክ ቱቦዎችን ፍቱ፣ ጫፋቸውንም ድፈኑ። የቀሩት ቱቦዎቹን ከሻሲው ጋር የያዙት አራት ትልልቅ ብሎኖችና ከላይ ከቦዲው ጋር የያዙት ሁለት ናቸው። ቱቦዎቹ ከነክንዳቸው ከባድ ናቸው፤ ሁለት ሰው ሆናችሁ አውርዷቸው። ከወረደ በኋላ የሻሲውን አፍንጫ በደንብ አንኳኩት። መዶሻ ሲነካው ጥርት ያለ ድምፅ ካልሰጠ፣ ወይም ብረቱ ከሰረጎደ፣ ብየዳ ይቀድማል። በዝገት ላይ አዲስ እግር አይታሰርም።

ቅጠሎቹን ስታወጡ ከመሳባችሁ በፊት ጫፋቸውን በፕላስተር እሰሩ። እንደታሰሩ አውጡ፣ እንደታሰሩ አስቀምጡ። ስታጥቡ ቅደም ተከተላቸውን አታዛቡ። የተሰነጠቀ ቅጠል ካለ የሚታየው ብዙውን ጊዜ ብሎኑ ከሚነክስበት ቦታ ነው፤ እዚያ ጋ በባትሪ ብርሃን እዩ።

አሁን ወደ ክንዶቹ። መኪናዬን ያዳናት እዚህ ጋ ጊዜ መውሰዴ ይመስለኛል። ክንዱ ቱቦው ውስጥ የሚገባው ክፍል ክብና የተወለወለ ነው። የዳሩ ኩሽኔታ መርፌዎች የሚሽከረከሩት በሱ ላይ ነው። በናፍጣ አጥቤ፣ በጨርቅ አድርቄ፣ ብርሃን ሥር አዞርኩት። የላይኞቹ ክንዶች ጥሩ ነበሩ፤ ግራጫ ጥላ ብቻ ነበራቸው። የታችኞቹ ላይ ግን በአንድ ወገን ብቻ ቀጫጭን መስመሮች ተሰልፈዋል። ክንዱ ሙሉ ስለማይዞር መርፌዎቹ ሁልጊዜ አንዱን ቦታ ነው የሚበሉት። ጥፍሬን አግድም ሳስኬደው እያንዳንዱ መስመር ላይ ትይዛለች። ሕጉ ቀላል ነው፦ ጥፍር የሚይዝ መስመር ካለ ያ ክንድ አልቋል። በአሸዋ ወረቀት ማለስለስ መፍትሔ አይሆንም፤ ውፍረቱ ይቀንስና አዲሱ ኩሽኔታ ላይ ይላላል። ያገለገሉ ግን ንጹሕ ክንዶች ፈልጌ ነው የተካሁት። አዲስ የመርፌ ኩሽኔታ ብቻ ጨምሬ የድሮውን ክንድ ብመልስ ኖሮ ቋ የሚለው ድምፅ ቶሎ ይመለስ ነበር።

ለቶርኖ ቤት የተውኩት ኪንግ ፒኑን ነው። አሮጌው በፕሬስ ነው የሚወጣው፤ አዲሶቹ ቦኮላዎች ከገቡ በኋላ ደግሞ በሪመር (ቀዳዳን በልክ በሚጠርብ መሣሪያ) ልካቸው ይስተካከላል። የላይኛውና የታችኛው ቦኮላ አንድ መስመር ላይ ሆነው በአንድ ረጅም ሪመር መጠረብ አለባቸው። ለየብቻ ከተጠረቡ ፒኑ ይጣመማል። ሥራው ሲመለስ እንዲህ ፈትሹት፦ ስፒንድሉ በእጅ ሲዞር እኩል ክብደት ይኑረው። አንድ ቦታ ቀልሎ ሌላ ቦታ ከከበደ መልሱት። ጭራሽ ላልቶ የሚወዛወዝ ከሆነም መልሱት።

የሊንክ ፒኖቹ ስስ ሮንዴላዎች ብዙ ሰው የሚዘላቸው ነገር ናቸው። በየሊንክ ፒኑ ላይ ስምንት ስስ ሮንዴላ አለ። ቁጥሩ ለሁሉም ፒን አንድ ነው፤ የሚለያየው ስንቱ ከውስጥ ስንቱ ከውጭ እንደሚሆን ነው። ምክንያቱም የላይኛውና የታችኛው ክንድ ጫፍ አንድ መስመር ላይ አይውሉም፤ ልዩነቱም ከመኪና መኪና፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይለያያል። ቀጥ ያለ ብረት በአንደኛው ክንድ ፊት ላይ አሳርፋችሁ እስከ ሌላው ያለውን ክፍተት በካሊፐር ትለካላችሁ። የጥገና ማኑዋሉ ውስጥ ሠንጠረዥ አለ። የለካችሁትን ቁጥር ፈልጋችሁ ለላይና ለታች የተጻፈውን ክፍፍል ትወስዳላችሁ። የጎማውን ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማዘንበል የሚወስነው ይህ ነው። በዚህ እግር ላይ ሌላ ማስተካከያ የለም። እኔ ክንዶቹን ስለቀየርኩ የድሮው አደራደር አልሠራልኝም፤ ሁለቱንም ወገን እንደገና ለካሁ። ፎቶ አይቶ እንደነበረ መመለስ የሚሠራው ክንዱ ካልተቀየረ፣ ከዚያ በፊት የገጠመውም ሰው በትክክል ገጥሞት ከሆነ ብቻ ነው።

መግጠሙን በአጭሩ ላልፈው። ቱቦዎቹ ውስጣቸው እስኪያበራ ታጥቧል፣ አዲስ ቦኮላና ኩሽኔታ ገብቷል፣ ቅጠሎቹ ግሪስ ተቀብተው ተመልሰዋል። ቅጠሎቹን የሚይዙት ብሎኖች ጫፋቸው ሾጣጣ ነው፤ ቅጠሎቹ ላይ ባለው ጎድጓዳ ቦታ በትክክል ካልተቀመጡ ክንዱ ቆይቶ ይላላል። በእጅ እያዞራችሁ መግባቱ ሲሰማችሁ ነው የሚጠብቀው፤ ከዚያ የመቆለፊያው ዳዶ። አዲስ ፓራኦሊ (ግሪስ እንዳይወጣ የሚይዝ ቀለበት) እና አዲስ የአቧራ ላስቲክ ለመግጠም አትሰስቱ።

ሊንክ ፒኑን ለማስተካከል የክንዱን አጣባቂ ብሎን አላሉ። ፒኑን በቁልፍ እስኪከብድ አጥብቁት፣ ከዚያ የዙር አንድ ስምንተኛ ያህል መልሱት። በዚያው ይዛችሁ አጣባቂውን ብሎን አጥብቁ። ሲያልቅ የፒን ተሸካሚው በእጅ ይንቀሳቀስ፣ ግን አይንሿሿ።

የፊት ጎማ ኩሽኔታ ክፍተት ከ0.03 እስከ 0.12 ሚሊሜትር ነው። የመለኪያ ሰዓት (ጥቃቅን ንቅናቄን በቀስት የሚያሳይ መሣሪያ) ካላችሁ ለኩት። ከሌላችሁ ደግሞ ከዳዶው ሥር ያለውን ሮንዴላ በካቻቢቴ ጫፍ ግፉት። ምንም ሳትጠመዝዙ፣ በጣት ግፊት ብቻ ሸርተት ካለ ልክ ነው። ካልተንቀሳቀሰ በጣም ጠብቋል።

አሞርዛተሮቹን ስትገጥሙ ላስቲክ ያላቸውን ብሎኖች የመጨረሻውን ማጥበቅ መኪናው በጎማው መሬት ላይ ከቆመ በኋላ አድርጉት። እግሩ ተንጠልጥሎ ከጠበቁ ላስቲኩ ተጠምዝዞ ይኖራል፣ ቶሎም ይቀደዳል። ይህ ለማንኛውም መኪና የላስቲክ ጎሚኒ ይሠራል።

ግሪስ ስታስገቡ ግን በተቃራኒው ነው፤ ፊቱ መነሳት አለበት። መኪናው በጎማው ላይ ሲቆም ክብደቱ ፒኑን በአንድ ወገን ይጫነዋል፤ ግሪሱም በቀላሉ በባዶው ወገን ያልፍና የሚበላውን ወገን ሳይነካ ይወጣል። ጎማው ተንጠልጥሎ ግሪሱን ስታስገቡ ዙሪያውን ይደርሳል። አሮጌው ጥቁር ወጥቶ አዲሱ ንጹሕ እስኪመጣ አስገቡ። ከዚያ መሪውን ከዳር እስከ ዳር አዙራችሁ እንደገና ጨምሩ።

ፍሬኑን ዘይት ሞልታችሁ አየሩን በደንብ ሳታስወጡ መኪናውን አታንቀሳቅሱ። የመሪ ሳጥኑ መሐል ላይ መሆኑን አይታችሁ፣ የመሪ ዘንጎቹን በጻፋችሁት ርዝመት ግጠሙ። ይህ ወደ አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከያ) ቤት ቀስ ብሎ ለመንዳት ያህል ይበቃል። እውነተኛውን ልክ በማሽን አስደርጉት፤ አዲስ ጎማ በተሳሳተ አላይመንት በጥቂት ጊዜ ነው የሚበላው።

ከዚያ በኋላ ቀጥ ባለው መንገድ ላይ መሪውን ማባበል ቀረ። ድምፁም የለም። ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ነድቼ ፊቱን እንደገና አነሳሁት፤ አዲስ ፒንና አዲስ ሮንዴላ ሲላመዱ ትንሽ ክፍተት ይፈጠራልና። የግራው የላይኛው ሊንክ ፒን ጥቂት ላልቶ ነበር፤ በዚያችው የአንድ ስምንተኛ ዙር አሠራር አስተካከልኩት። ያኔውኑ የሻሲውን ብሎኖች በቶርክ ቁልፍ፣ የመሪ ዘንግ ጫፎቹን ኮፒሊያ (ዳዶ እንዳይፈታ የሚያግድ ሽቦ) በዓይኔ አንድ በአንድ አየሁ። እናንተም ይህን ሁለተኛ ምርመራ ሳታደርጉ ረጅም መንገድ አትውጡ።